ከመፈረማችን በፊት ድምፅ ሰጠን

በምሠራበት የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራተኛ ማኅበራችን ከድርጅቱ ጋር ቀደም ሲል የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ምን እንደሚል ያወቅሁት ከተፈረመ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ፊርማና ማኅተም ያረፈበት የመጨረሻው ገጽ ከደመወዝ ጭማሪው ሠንጠረዥ ጋር በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ የቀረውን ማንበብ የፈለገ ሰው ግን የሚያገኝበት መንገድ አልነበረም። በዚያን ጊዜ የሽመና ክፍል ቴክኒሻን ነበርሁ። የማኅበሩ መዋጮ በየወሩ ከደመወዜ ይቆረጣል፤ ስለ ሥራ ሰዓቴ፣ ስለ ፈረቃዬና ስለ ሕክምናዬ የተስማሙት ግን አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ያ ቅሬታ የማኅበሩ ጸሐፊ ሆኜ ከተመረጥሁ በኋላም አልለቀቀኝም። በ2016 ዓ.ም. ስምምነቱን ለማደስ ድርድር ስንጀምር፣ ረቂቁ ከመፈረሙ በፊት በሙሉ ለአባላት ቀርቦ በምስጢር ድምፅ እንዲሰጥበት የጠየቅሁት በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩን የነገረኝ አንድ አብራሪ ነው። ደሴ አብረን የተማርን፣ በኋላ አሜሪካ ሄዶ እዚያው አብራሪ የሆነ ጓደኛዬ በዚያ ዓመት ጥር ላይ ለእናቱ ለቅሶ መጥቶ ነበር። ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጠን ከአቦሉ እስከ በረካው ስንጨዋወት፣ ስለ ድርድራችን ነገርሁትና “ለመሆኑ አባላቱ ረቂቁን መቼ ነው የሚያዩት?” ብሎ ጠየቀኝ። “ከተፈረመ በኋላ” አልሁት። ስኒውን አስቀምጦ “እንግዲያው የምትደራደሩት ለማን ነው?” አለኝ። ጥያቄው ከፋኝ፤ መልስ ስላልነበረኝ።

እሱ ያጫወተኝንና በኋላ እኔም አንብቤ ያረጋገጥሁትን ባጭሩ ላስቀምጥ። በአሜሪካ የትልልቅ አየር መንገዶች አብራሪዎች በማኅበር የሚደራደሩት ለባቡር ሠራተኞች በ1926 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በ1936 ወደ አየር መንገዶች በሰፋው ሕግ መሠረት ነው፤ አብዛኞቹን የሚወክለው የአብራሪዎች ማኅበርም ከ1931 ጀምሮ ያለ ነው። ተደራዳሪዎቹ ከአሠሪው ጋር የሚደርሱበት ሰነድ ጊዜያዊ ስምምነት ይባላል፤ አባላቱ አንብበው ድምፅ ካልሰጡበት ውል አይሆንም። በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. የዩናይትድ አየር መንገድ አብራሪዎች የቀረበላቸውን ጊዜያዊ ስምምነት በ94 በመቶ ድምፅ ጣሉት። በመጋቢት 2023 የዴልታ አብራሪዎች በአራት ዓመት ውስጥ 34 በመቶ ጭማሪ የሚያስገኝ ውል በ78 በመቶ ድምፅ አጸደቁ፤ የዴልታ ውል ለሌሎቹ መለኪያ ሆነና የዩናይትድ አብራሪዎች በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ከመጀመሪያው እጅግ የተሻለ ውል በ82 በመቶ ድምፅ ተቀበሉ። ከሁሉም ልቤን የነካው የ94 በመቶው “አይሆንም” ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ማኅበሩን ያፈርሰዋል ብዬ ስፈራ ኖሬአለሁና፣ ተደራዳሪዎቹ የአባላቱን “አይሆንም” ይዘው ወደ ጠረጴዛው ሲመለሱ ከበፊቱ የበረቱ መሆናቸው ለእኔ አዲስ ነገር ነበር።

የእኛ ሕግ ይህን አያስገድድም፤ ግን አይከለክልምም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለኅብረት ስምምነት የሚደራደሩት በማኅበሩ ደንብ ሥልጣን የተሰጣቸው መሪዎች ወይም በጠቅላላ ጉባኤ የተወከሉ አባላት ናቸው፤ ተደራዳሪዎቹም ወደ ፍሬ ነገሩ ከመግባታቸው በፊት የድርድሩን ሥነ ሥርዓት በጋራ ይወስናሉ። የመጀመሪያው ትልቅ ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። በሥነ ሥርዓቱ ውስጥ “ረቂቁ የሚጸናው አባላት በድምፅ ሲያጸድቁት ነው” የሚል አንድ መስመር ማስገባት ስችል አላስገባሁም፤ የሥራ አመራሩ ያኮርፋል ብዬ ሰጋሁ። በኋላ ረቂቁ ሲወድቅ ከጠረጴዛው ማዶ “እናንተ ሙሉ ሥልጣን አለን ብላችሁ ነው ከእኛ ጋር የተቀመጣችሁት” ሲሉን ክርክራቸው ከእውነት የራቀ አልነበረም። ሌላ ማኅበር ይህን መንገድ የሚሄድ ከሆነ ያቺን መስመር በመጀመሪያው ቀን ያጽፋት።

ድርድሩ ራሱ ሦስት ወር ያህል ፈጀ። እኛ 25 በመቶ ጠየቅን፣ እነሱ በ8 ጀመሩ፣ 14 በመቶ ላይ ተገናኘን። በልዋጩ ከሰጠናቸው ነገሮች አንዱ ሰርቪስን የሚመለከተው አንቀጽ ነበር። የድሮው ስምምነት “ድርጅቱ ለምሽት ፈረቃ ሠራተኞች የመጓጓዣ አገልግሎት ያቀርባል” ይል የነበረውን፣ ነዳጅ መወደዱን ጠቅሰው “እንደ አስፈላጊነቱ ያመቻቻል” በሚል እንዲለወጥ ጠየቁን። መኪናው አይቆምም፣ ቃሉ ብቻ ነው የሚለሰልሰው ብለው አረጋገጡልን፤ እኔም 14 በመቶው እንዳያመልጠን ስል ፈረምሁበት ባልልም ራሴን ነቀነቅሁ።

ረቂቁ 27 ገጽ ነበር። አርባ ቅጂ አባዝተን በየክፍሉ አከፋፈልን፤ ማንበብ ለሚቸግራቸው ደግሞ በየፈረቃው ስብሰባ ጮክ ብለን አነበብንላቸው። ድምፁ በሦስቱም ፈረቃዎች በአንድ ቀን ተሰጠ። የቆጠሩት ከማኅበሩ አመራር ያልሆኑ፣ ከክር መፍተያ፣ ከሽመና፣ ከማቅለሚያና ከጥገና ክፍል አንዳንድ ሰው ነበሩ፤ ሣጥኑም ከጠዋቱ ፈረቃ እስከ ሌሊቱ ድረስ ከእነሱ ዓይን አልተለየም። ከ612 አባላት 571 ድምፅ ሰጡ። 198 ደገፉ፣ 367 ተቃወሙ፣ 6 ወረቀት ተበላሸ። ውጤቱ የተነገረኝ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ በፋብሪካው በር ነው፤ ሦስት ወር የደከምሁበት ነገር በእኔው ባልደረቦች እጅ እንደወደቀ ሲሰማኝ እንባዬ መጣ፤ ማንንም ሳላናግር ወደ ቦርከና ወንዝ አቅጣጫ በእግሬ ሄድሁ።

የተቃወሙበትን ምክንያት ያስረዳችኝ በክር መፍተያ ክፍል ብዙ ዓመት የሠራች ባልደረባችን ናት። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ጠርታኝ የደመወዝ ወረቀቷን ጀርባ አሳየችኝ፤ በእስክሪብቶ ሒሳብ ሠርታበት ነበር። ደመወዟ 3,200 ብር ነው፤ 14 በመቶው 448 ብር ይሆናል። የምሽቱ ፈረቃ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ሲለቀቅ ሰርቪስ ከሌለ ባጃጅ 40 ብር ትከፍላለች፤ በወር ዘጠኝ ምሽት ያህል ይደርሳታል፣ 360 ብር። ታክስና ጡረታ ሳይቆረጥ የቀራት 88 ብር ነው። “ልጄ፣” አለችኝ፣ “ያገኛችሁልንን በደማቁ ጽፋችሁ አሳይታችሁናል፤ የሰጣችሁትን ግን እኛው ፈልገን ነው ያገኘነው።” “እትዬ፣ መኪናው አይቆምም ብለውናል” አልኋት። “እንዲያ ከሆነ ‘ያቀርባል’ የሚለው ለምን ተፋቀ?” አለችኝ። ወረቀቱን አጣጥፋ በመቀነቷ ከትታ ወደ ማሽኗ ተመለሰች።

እውነቷን ነበር። ለአባላት ያዘጋጀሁት የአንድ ገጽ ማብራሪያ ጭማሪውን፣ የሕክምና ሽፋኑንና የወሊድ ፈቃዱን ይዘረዝር ነበር እንጂ ስለ ሰርቪሱ አንድ ቃል አልነበረበትም። ሆን ብዬ አልደበቅሁትም፤ ትንሽ ነገር መስሎኝ ነው። ነገር ግን ቀን ቀን የሚሠራ ሰው ትንሽ የሚለው ነገር በምሽት ከፋብሪካው በር ላይ ለምትቆም ሴት ትንሽ አይደለም። ረቂቁን እንደገና ስንፈትሽ “እንደ አስፈላጊነቱ” የሚለው ሐረግ ዘጠኝ ቦታ ላይ ተሰንቅሮ አገኘነው፤ ዘጠኙም በእኛ መብት ላይ፣ አንዱም በእኛ ግዴታ ላይ አልነበረም።

ሌላው የተማርሁት በመቶኛ የሚሰጥ ጭማሪ ስለሚያመጣው ልዩነት ነው። 14 በመቶ 3,200 ብር ለሚያገኝ 448፣ 12,000 ለሚያገኝ 1,680 ብር ነው፤ ዳቦና ዘይት ግን ለሁለቱም በአንድ ዋጋ ነው የሚሸጠው። ጓደኛዬ እንደነገረኝ በአብራሪዎቹም ዘንድ ዋና አብራሪና ረዳት አብራሪ፣ ነባርና አዲስ፣ በአንድ ውል ላይ የማይስማሙበት ጊዜ ብዙ ነው። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስላልነበረ፣ በታችኛው እርከን ያለው ሠራተኛ መሸሸጊያው ይኸው ስምምነት ብቻ ነበር።

ወደ ጠረጴዛው ስንመለስ ሁለት ነገር ይዘን ነበር። አንደኛው የድምፁ ቃለ ጉባኤ ነው። ከዚያ በፊት “ሠራተኛው አይቀበለውም” ስንል እንደ ማስፈራሪያ ይቆጠርብን ነበር፤ አሁን 367 የሚል ቁጥር ከአራት ቆጣሪዎች ፊርማ ጋር ተቀመጠ። ሁለተኛው ከአካባቢው ፋብሪካዎች ማኅበራት የለመንናቸው የኅብረት ስምምነቶች ናቸው፤ የዴልታ ውል ለዩናይትድ አብራሪዎች መለኪያ የሆነበትን መንገድ ከሰማሁ በኋላ ነበር ይህን ማድረግ ያሰብሁት፤ ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብን። ሥራ ስለ ማቆም አንድም ጊዜ አላነሣንም። መብቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተረጋገጠ ቢሆንም፣ አዋጁ ከአባላት ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ እንዲወሰን ያዛል፤ እኛም ነገሩ እዚያ እንዳይደርስ ነበር የምንጥረው።

በአንድ ወር ውስጥ ሁለተኛው ረቂቅ ተዘጋጀ። ጭማሪው ወደ 12 በመቶ ዝቅ አለ፤ ነገር ግን ማንም ሠራተኛ ከ600 ብር ያነሰ ጭማሪ እንዳያገኝ ተስማማን፤ ሰርቪሱም “ያቀርባል” ወደሚለው ቃል ተመለሰ። “እንደ አስፈላጊነቱ” ከሚሉት ዘጠኝ ቦታዎች ስድስቱ ወጡ። በዚህ ጊዜ የበተንነው ማብራሪያ ሁለት ዓምድ ነበረው፤ በአንዱ ያገኘነው፣ በሌላው የተውነው፣ እኩል በሆነ የፊደል መጠን። ለሌሊት ፈረቃም ሥራው ካለቀ በኋላ በድካም ላይ ሩብ ሰዓት ከመስጠት ይልቅ፣ ከድርጅቱ አመራር አስፈቅደን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ረቂቁ የሚነበብበት አንድ ሰዓት ሰጠናቸው። 580 ሰው ድምፅ ሰጠ፤ 461 ደገፈ፣ 114 ተቃወመ፣ 5 ተበላሸ።

ይህን መንገድ የሚከተል ሰው አደጋውንም እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። በሐምሌ 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የዕቃ ማጓጓዣ ድርጅት የፌዴክስ አብራሪዎች የቀረበላቸውን ስምምነት በ57 በመቶ ድምፅ ጥለው ለረጅም ጊዜ አዲስ ውል ሳያገኙ ቆይተዋል። እነሱን የሚገዛው ሕግ የቀድሞው ውል አዲስ እስኪመጣ ድረስ እንዲጸና ያደርጋል፤ የእኛ ስምምነት ግን የሦስት ዓመት ዕድሜው በቁጥር የተጻፈበት ስለነበር፣ በየሳምንቱ መዘግየታችን እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። ድምፅ የሚሰጥበትን ጊዜ ከስምምነቱ ማብቂያ ቢያንስ ሁለት ወር አስቀድሞ ማድረግ ያስፈልጋል፤ እኛ የቀረን ሃያ ሁለት ቀን ነበር።

ያልፈታነው ነገርም አለ። በጊዜያዊ ቅጥር የሚሠሩት ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ከሐርቡና ከባቲ የመጡ ሴቶች፣ የማኅበሩ አባላት ስላልሆኑ በሁለቱም ድምፅ ላይ አልተሳተፉም፤ በዚያው ማሽን ላይ በዚያው ፈረቃ እየሠሩ። አንዷ በሁለተኛው ቀን ሣጥኑ አጠገብ ቆማ “እኛስ?” ስትለኝ፣ ደንቡን ነገርኋት እንጂ መልስ አልሰጠኋትም። ማኅበራችን በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ እነሱን በአባልነት ለመቀበል የደንብ ማሻሻያ አቅርቧል። ማሻሻያውን የሚያዘጋጀው ኮሚቴ ሰብሳቢም ያቺው የክር መፍተያ ክፍል ባልደረባችን ናት፤ በሁለተኛው ድምፅም ተቃውማ እንደነበር ራሷ ነግራኛለች፤ የቀሩት ሦስት “እንደ አስፈላጊነቱ” ስላልወጡ።