በመጀመሪያ ፊልሟ

ጥር 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ማክሰኞ ነበር። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ኤፍኤም ሬዲዮ የመዝናኛ ፕሮግራም ላይ እሠራ ነበር። የኦስካር እጩዎች ዝርዝር የወጣው ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። እኛ አየር ላይ የምንወጣው 11 ሰዓት። በዋና ሴት ተዋናይት ዘርፍ ከኢዛቤል ኡፔር፣ ከናታሊ ፖርትማን፣ ከኤማ ስቶንና ከሜሪል ስትሪፕ ጋር አንድ ስም ተቀምጧል። ሩት ነጋ።

ደስታው ነዘረኝ። ቴክኒሻኑ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ነጋ! የኛው ነጋ!» አለ። ስለ እሷ የማውቀው ጥቂት ነበር። አዲስ አበባ መወለዷን፣ አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እናቷ አየርላንዳዊት ነርስ መሆናቸውን። የታጨችበትን «ላቪንግ»ን ገና አላየሁትም። ግን ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ እኔም ሞቆኛል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሩት ነጋ በመጀመሪያ ፊልሟ የዓለምን ትልቁን የሲኒማ ሽልማት ደጃፍ ረገጠች።»

«ደጃፍ ረገጠች» የምትለዋን ሁለት ጊዜ ሰርዤ ነው መልሼ የጻፍኳት። «በመጀመሪያ ፊልሟ» የምትለዋን ግን አንዴም አላሰብኩባትም። ከየት እንዳመጣኋት በኋላ ብዙ አስቤያለሁ። ከየትም አላመጣኋትም። ከዚያ በፊት ስሟን ስላልሰማሁ፣ ከዚያ በፊት ያልሠራች መሰለኝ።

አቅራቢያችን ዜናውን አሳምራ አነበበችው። ሙዚቃ ገባ። ወዲያው ስልክ ጮኸ፤ አነሣሁት። አንዲት እናት ናቸው፤ ድምፃቸው ረጋ ያለ።

«ልጄ፣ ያን ዜና የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ እናቴ።»

«እኔ ደብሊን ብዙ ዓመት ኖሬ ነው የመጣሁት። አረጋውያን እንከባከብ ነበር፤ የሌሊት ሥራ። እዚያ ቴሌቪዥን ላይ ነበር የማያት። አብረውኝ የሚሠሩት አየርላንዶች ‹የእኛ ልጅ ናት› ይሏታል፤ ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብለው ‹የናንተም ናት› ይሉኛል። የሠራችውን አንድ በአንድ ይነግሩኛል። እኛ የኛ ናት እንላለን፤ የሠራችውን ግን አናውቅላትም። መጀመሪያዋ አይደለም ልጄ።»

መልስ አልነበረኝም። ይቅርታ ጠይቄ፣ ስልካቸውን ጽፌ ዘጋሁ።

ዋና አዘጋጃችን ቆፍጣና ሴት ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ይባስ ብሎ ይቀንሳል። የሆነውን ነገርኳቸው። አንድ ባዶ ወረቀት አነሡና በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ቁጥር ደረደሩ። 2003፣ 2004፣ 2005 እያሉ እስከ 2016፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። «በየዓመቱ አጠገብ የሠራችውን ሙላ» አሉኝ። «ሳትጨርስ የእርማቱን ጽሑፍ እንዳታሳየኝ።»

ሦስት ምሽት ፈጀብኝ። ልጅቷ አራት ዓመት ሲሆናት ከአዲስ አበባ ወጥታለች። ሰባት ሲሆናት አባቷ በመኪና አደጋ ሞቱባት። ሊምሪክ በምትባለው የአየርላንድ ከተማ፣ በኋላም ለንደን አደገች። ትወናን የተማረችው ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። ሥራ የጀመረችውም ከመድረክ። 2003 አጠገብ የተጫወተችበትን «ዳክ» የሚባል ቴአትር ሞላሁ። 2004 ላይ የመጀመሪያ ፊልሟ፣ «ካፒታል ሌተርስ»። እውነተኛው የመጀመሪያ ፊልሟ ይኼ ነው። እኔ አየር ላይ ካስነበብኩት 12 ዓመት ይቀድማል።

2005 ላይ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። የአየርላንዱ ዳይሬክተር ኒል ጆርዳን «ብሬክፋስት ኦን ፕሉቶ»ን ሲሠራ፣ ችሎታዋን ወዶት እሷ እንድትገባበት ብሎ ስክሪፕቱን ለውጧል። ገና ስም ለሌላት ልጅ! በዓመቱ በርሊን ፊልም ፌስቲቫል ላይ ከአውሮፓ ወጣት ተስፈኞች አንዷ ተብላ አየርላንድን ወክላ ቆማለች።

እኚያ እናት ደብሊን ሆነው ያዩት ምን እንደነበርም ገባኝ። 2010 ላይ የአየርላንድ ብሔራዊ ቴሌቪዥን «ላቭ ሄት» የተባለ የደብሊን ወሮበሎች ድራማ ጀመረ። አገሩ ሁሉ ተከታተለው። ሩት ሮዚን ሆና ተጫውታበታለች። በ2011 የዌልሷን ድምፃዊት ሸርሊ ባሲን በቢቢሲ ፊልም ላይ ተጫወተች፤ በእሱም የአየርላንድ የፊልምና የቴሌቪዥን አካዳሚ ሸለማት።

2013 ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። በዚያ ዓመት «ትዌልቭ ይርስ ኤ ስሌቭ» ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የምርጥ ፊልም ኦስካር የወሰደው። ሩት ተቀርጻበት ነበር። ፊልሙ ኤዲት ሲደረግ ግን የእሷ ክፍል ተቆርጦ ወጣ። ሰው ሁሉ ያንን ፊልም ሲያይ እሷ እዚያ የለችም። ይኼን ነገር ለብቻዬ ቁጭ ብዬ ሳስበው ከበደኝ። ልብሱን ለብሰሻል፣ ቃሉን አጥንተሻል፣ ካሜራ ፊት ቆመሻል። ከዚያ ማንም አያይሽም። ምን ብዬ ልጻፈው?

ወረቀቱን ይዤ ወደ ዋና አዘጋጇ ሄድኩ። «ይኼንን ልተወው? ሰው ያላየው ሥራ ነው» አልኳቸው።

«ሠርታለች አልሠራችም?»

«ሠርታለች።»

«እንግዲያው ጻፈው።»

ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ቀሪዎቹን ዓመታት ስሞላ እጄ ቀስ አለ። የአሜሪካ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ፣ 2016 ላይ «ፕሪቸር»፣ በዚያው ዓመት ደግሞ «ላቪንግ»።

«ላቪንግ»ን ያየሁት የመጨረሻው ምሽት ላይ ነው። እውነተኛ ታሪክ ነው። ሚልድረድና ሪቻርድ ላቪንግ ቨርጂንያ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ እሷ ጥቁር፣ እሱ ነጭ። በግዛቷ ሕግ መጋባት ስለማይችሉ በ1958 ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡ። ከተመለሱ በኋላ አንድ ሌሊት በተኙበት ፖሊስ ገብቶ ያዛቸው። ዳኛው ለ25 ዓመት ከግዛቲቱ ካልወጣችሁ እስር ነው አላቸው። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ፣ በ1967 ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን ሕግ በመላ አገሪቱ ሻረው።

ፊልሙ ላይ ጩኸት የለም። ሚልድረድ ስልክ የምታነሣበት ቦታ አለ። ከወዲያ የሚያወሩት ሌሎች ናቸው፤ እሷ የምትመልሰው ጥቂት ቃል ነው። ካሜራው ፊቷ ላይ ነው። ዓይኗ መጀመሪያ ይሰማል፣ ቀጥሎ ያምናል፣ ከዚያ ከንፈሯ ሳቅ እንዳይባል፣ ለቅሶም እንዳይባል ሆኖ ይላላል። ያንን ቦታ መልሼ መልሼ አየሁት። እንዲህ ያለ እርጋታ በመጀመሪያ ፊልም አይመጣም። እኔ ያላየኋቸው እነዚያ ሁሉ ዓመታት እዚያ ፊት ላይ ነበሩ።

የእርማቱን ጽሑፍ ሁለት ደቂቃ ተኩል አድርጌ ጻፍኩ። ማንም ሳያዘኝ ለእኚያ እናት ደወልኩና በስልክ አነበብኩላቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ። ስጨርስ ትንሽ ዝም አሉ።

«ሊምሪክስ?» አሉኝ።

ወረቀቱን አየሁ። አዲስ አበባ ሁለት ቦታ አለች። ትሪኒቲ ኮሌጅ አለ። ያደገችበት ከተማ ግን የለም። ወረቀቴ ላይ ጽፌው ነበር፤ ወደ ስክሪፕቱ ሲሻገር ወደቀ። አሁንም እኮ የኛ ብቻ እንድትሆን ፈልጌ ነው። «እዚያ ነው ያሳደጓት ልጄ» አሉኝ፤ ቁጣ የለበትም። «አመስግኑልኝ።»

በሚቀጥለው ማክሰኞ እርማቱን ከዜናዎቹ ሁሉ በፊት አስቀደምነው። መክፈቻው እንዲህ ነበር፦ «ባለፈው ሳምንት ሩት ነጋ በመጀመሪያ ፊልሟ ለኦስካር ታጨች ብለን ነበር፤ ስህተት ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ሊምሪክ ያደገችው ሩት ነጋ እዚህ የደረሰችው ከ10 ዓመት በላይ ሠርታ ነው።» አቅራቢያችን ከዓመቶቹ አንዱንም ሳትዘል አነበበችው። የተቆረጠውንም ጭምር።

በየካቲት ወር ሽልማቱ ለኤማ ስቶን ሆነ። ቢሮው አዘነ። እኔም አዘንኩ፤ ግን የያኔውን ያህል አልሆነም።

ከዚያ ወዲህ «ድንገት ብቅ አለች»፣ «በአንድ ሌሊት ታወቀ» የሚል ዜና እጄ ሲገባ መጀመሪያ ዓመቶቹን በግራ በኩል እደረድራለሁ። አዲስ የሚቀጠሩ ልጆችንም የማስጀምራቸው በዚህ ነው። አንዳንዶቹ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። እኔ ግን አልተውም። ሰው 12 ዓመት የለፋበትን በሁለት ቃል ማጥፋት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አውቀዋለሁ።

የሩት ወረቀት አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ከ2016 በታች ቦታ ስላልነበረው ከሥሩ ሌላ ወረቀት ለጠፍኩበት። 2018፣ «ሐምሌት»፣ ደብሊን፣ ጌት ቴአትር፤ ልዑሉን ራሱን ሆና። 2021፣ «ፓሲንግ»። 2022፣ የኒውዮርኩ ብሮድዌይ መድረክ፣ ሌዲ ማክቤዝ፣ የአሜሪካው የቴአትር ሽልማት የቶኒ እጩ። 2024፣ «ፕሪዙምድ ኢኖሰንት»። ከዚያ በታች ገና ብዙ ቦታ አለው።