አንቱታ የገባበት ፍቅር

ልብ ወለዴ ገጽ 60 ላይ ደርሶ ስምንት ወር ሙሉ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነበር። ድሬዳዋ አብረው ያደጉ ሁለት ጓደኛሞች ከ18 ዓመት በኋላ በር ላይ ይገናኛሉ። እስከዚያ በደንብ መጣሁ። ከዚያ ግን የሚናገሩት ጠፋ። «እንዴት ነሽ?» «ደህና፣ አንተስ?» እየተባባሉ ገጽ ሲሞሉ ራሴም አዛጋሁ። አንድ ቀን እንደ ልማዴ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ተቀመጥኩና ሴትየዋ በሩን ከፈተች፣ አየችው፣ «ይግቡ» አለችው። አስቤበት አልነበረም፤ እጄ ነው የጻፈው።

ድሬን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እዚያ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም። ልጅ አባቱን የሚያህለውን ሰው «አንተ» ይላል፤ የሚቀየም የለም። እኔ አዲስ አበባ መጥቼ 10ኛ ክፍል የገባሁ ቀን መምህሩን «አንተ» ብዬ ከክፍል ተባርሬያለሁ። እንግዲህ የደቻቱ ወንዝ በበጋ ሲደርቅ አሸዋው ላይ ኳስ እየተራገጡ ካደጉ ሁለት ሰዎች አንዷ ሌላውን «ይግቡ» ስትለው፣ በሩን እየከፈተች ዘጋችበት ማለት ነው። በደጉ ጊዜ ቢሆን «አቦ ግባ!» ነበር የምትለው። ከዚያች ሌሊት በኋላ መጽሐፉ አንድ ጥያቄ ብቻ ሆነልኝ፦ መቼ ነው ወደ «አንተ» የምትመለሰው?

ቀጥሎ ያስቸገረኝ የተለያዩበት ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ጥፋቱን ለስልክ ሰጥቼው ነበር። በ1998 መጀመሪያ የአገሩ ስልክ ቁጥር ሲቀየር ባለ ስድስት አሃዙ የቤት ስልክ ሰባት አሃዝ ሆነ፤ የድሬ መለያም 025 ሆነ። ሰውየው ጅዳ ሆኖ በድሮው ቁጥር ቢደውል ቢደውል አልገባ ይለዋል፤ በዚያው ተጠፋፉ። በጣም ብልህ ሐሳብ መስሎኝ ነበር። ረቂቁን ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ለምትኖረው አክስቴ ላክሁላት። (እሷንም «አንቺ» ነው የምላት፤ ሚስቴ እስከ ዛሬ አልለመደችውም።) በድምፅ መልእክት መለሰችልኝ፦ «አቦ፣ ስልክ ይጠፋል፤ ድሬ ላይ ሰው ጠፍቶ ያውቃል? ለገሃር ቆሞ ስሟን ቢጠራ አምስት ሰው እጁን ይዞ ቤቷ ያደርሰው ነበር!»

እውነቷን ነው። እንዳይገናኙ ያደረጋቸው አጋጣሚ ከሆነ፣ ሲገናኙም አጋጣሚ ብቻ ነው የሚሆነው፤ ይቅር የሚባባሉበት ነገር የላቸውም። ስለዚህ ጥፋት ፈለግሁለት። ሌላ ሴት አግብቶ ቢሆንስ አልኩ፤ ያ የተለመደ ነው፣ ማንም አይደነግጥበትም። ብዙ ቆይቼ ነው ለቅሶ ትዝ ያለኝ። እናቷ በልጅነቱ ከልጃቸው ጋር በአንድ ሳህን ያበሉት ሴት ናቸው። በ1999 ሲሞቱ እሱ ከጅዳ ባዶ እጁን ተመልሶ አዲስ አበባ ነበር። ሰማ፤ አልሄደም። በዚያ ሁኔታ መታየት አሳፈረው። ሳልስቱ አለፈ፣ አርባው አለፈ፣ ሙት ዓመቱም አለፈ፤ በዘገየ ቁጥር መሄዱ እየከበደው መጣ። ይሄን ለሐበሻ አንባቢ ለማስረዳት አንድ ተጨማሪ መስመር አላስፈለገኝም። በ2015 በሩን ሲያንኳኳ እንግዲህ ፍቅር ፍለጋ አይደለም የመጣው፤ 16 ዓመት የዘገየ ለቅሶ ሊደርስ ነው። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ፣ ደፉ ላይ ቆሞ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል። እሷ ምን እንዳለችው ነግሬያችኋለሁ።

አክስቴ ሁለት ጊዜ ደግሞ ተቆጥታኛለች። አንዱ፣ እናትየውን መጀመሪያ የገደልኳቸው በ1998 ክረምት በደቻቱ ጎርፍ ነበር። «ያን ሌሊት ከ200 በላይ ሰው አልቋል። የፍቅር ማጣፈጫ አታድርገው» አለችኝ። አወጣሁት፤ እናትየው በሕመም ሞቱ፣ ጎርፉ ግድግዳ ላይ የቀረ የጭቃ መስመር ብቻ ሆነ። ሁለተኛው የባቡሩ ነው። በ2010 ሥራ የጀመረውን አዲሱን ባቡር ከዚራ በድሮው ጣቢያ አቁሜው ነበር። አዲሱ ጣቢያ ከከተማ ወጣ ብሎ እንደሆነ፣ ከዚያ ባጃጅ እንደሚያዝ፣ ሰፈሬን በልጅነት ትቼ የወጣሁት ሰው አላውቅም።

የፍቅር ቃሉ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ከበደኝ። ረቂቁ ላይ «አፈቅርሃለሁ» እና «አፈቅርሻለሁ» 11 ጊዜ ነበሩ። ጮክ ብዬ ሳነባቸው የተተረጎመ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኑብኝ። አርባ ዓመት ያለፋቸው ሁለት የድሬ ሰዎች እንዲህ አይነጋገሩም። ሁሉንም ሰረዝኳቸው። በምትኩ፣ 130 ገጽ ያህል «እርስዎ» ስትለው ከርማ፣ አንድ ምሽት ግቢው ውስጥ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በሳህን ፊቱ አስቀምጣ ሲበላ ታየዋለች። የአንገቱን አጥንት ታያለች። «ከሳህ» ትለዋለች። «ከሱ» ማለት ትችል ነበር። እሱ የያዘውን ቁራሽ ሳህኑ ላይ ይመልሳል፤ ምዕራፉ እዚያ ያልቃል። ከጻፍኩት ሁሉ የምኮራበት ይህ ነው።

የኅትመቱን ነገር ባሳጥረው ይሻላል፤ ከኪሴ ከፍዬ 1,000 ኮፒ አሳተምኩ፣ ግማሹ አሁንም አልጋዬ ሥር ነው። ለምትጽፉ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ የመጨረሻውን ፕሩፍ (ከኅትመት በፊት የሚታየውን ቅጂ) ራሳችሁ አንብቡት። ረቂቁን ያረመልኝ ሰው ትጉህ ነው፤ ሴትየዋ አንዴ «እርስዎ» አንዴ «አንተ» ማለቷን ስሕተት አድርጎ አይቶት ከ«ከሳህ» በኋላ ያለውን ንግግሯን ሁሉ ወደ «እርስዎ» አስተካክሎልኛል። 14 ቦታ አግኝቼ መለስኩ። አንዱ አመለጠኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስታጎርሰው «ብላ እንጂ» የሚለው «ይብሉ እንጂ» ሆኖ ታተመ።

መጽሐፉ ድሬ በደረሰ በሦስተኛው ቀን አክስቴ ደወለች፤ እየሳቀች ነው። «መጨረሻ ላይ ‹ይብሉ› ብላ ስትቀልድበት ሞትኩ አቦ! እንዴት መጣልህ?»

ሆን ብዬ ነው አልኳት።