መጀመሪያ አውቶቡሱ ይምጣ

ሰሞኑን እህቴ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ከሥራ ወጥታ ሜክሲኮ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበረች። ሰልፉ ንቅንቅ ስላላለ ወሬያችን ረዘመ። «እናንተ ጋ መኪና ይዞ መሃል ከተማ የሚገባ ሰው ይከፍላል አይደል? እዚህም ቢጀመር እኮ መንገዱ ይከፈት ነበር» አለችኝ። አጠገቧ የቆመ ሰውዬ ሰምቷት ኖሮ «ደግሞ ለመንገዱም ልንከፍል?» ሲል በስልኩ ተሰማኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው። እኔ ራሴ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ሆኜ አይቼዋለሁ።

የምኖረው ስዊድን፣ ስቶክሆልም ነው። ክፍያው የተጀመረው በ2006፣ ለሙከራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ያኔ መሃል ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራ ነበር፤ ቤቴ ደግሞ ደቡብ ዳርቻ ላይ ነው። አንድ አሮጌ ቮልቮ ነበረችኝ። ጃንዋሪ 3 ቀን ወደ መሃል ከተማ የሚያስገቡት 18 ኬላዎች ላይ የተተከሉት ካሜራዎች ታርጋ ማንበብ ጀመሩ። ክፍያው ያኔ እንደ ሰዓቱ 10፣ 15 ወይም 20 ክሮነር (የስዊድን ገንዘብ) ነበር፤ በቀን ከ60 አይበልጥም ነበር። ማታና ቅዳሜ እሁድ ነፃ ነው። ስትገባም ስትወጣም ትከፍላለህ። እኔ ጠዋት ስገባ 10 ክሮነር፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ስወጣ 20 ክሮነር፣ በድምሩ 30 ክሮነር ማለት ነው። ለሀብታም ምንም አይደለም፤ እኔ ግን በወር ሳሰላው ሆዴን ቆረጠኝ።

ክፍያው የሚጀምረው ከጠዋቱ 12፡30 ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ካሜራውን ለማለፍ ስል በበረዶ መንገድ ላይ እየበረርኩ፣ አንድ ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ሆኖ፣ 12፡28 ላይ ድልድዩን የተሻገርኩባቸው ጠዋቶች ነበሩ። ለ10 ክሮነር ነፍሴን አስይዤ ማለት ነው። ዛሬ ሳስበው ያመኛል።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ወሬው ሁሉ ይኸው ነበር። «ድሃን ከመንገድ ለማስወጣት ነው» ይባላል። የጽዳት ሥራ የሚሠራ አንድ ወዳጃችን ባልዲውንና ማሽኑን ተሸክሞ ባቡር ላይ እንዴት ይውጣ? መልስ የሰጠው ሰው አልነበረም። ንዴቱ ግን የገንዘቡ ብቻ አልነበረም። ከ2002ቱ ምርጫ በፊት ኋላ የከተማዋ ከንቲባ የሆኑት የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲዋ አኒካ ቢልስትረም በዚያ የሥልጣን ዘመን ክፍያ አይኖርም ብለው ቃል ገብተው ነበር። ምርጫው አልፎ የአረንጓዴዎቹ ፓርቲ ድጋፍ ሲያስፈልግ ቃሉ ታጠፈ። ሰው እንደተዋሸ ሲሰማው ቁጥር ብትደረድርለት አይሰማህም።

እኔን ያለሳለሰኝ አውቶቡስ ነው። ካሜራዎቹ ሥራ ከመጀመራቸው ከወራት በፊት፣ በኦገስት 2005፣ ከተማው ውስጥ 197 አዳዲስ አውቶቡሶችና 16 አዳዲስ መስመሮች ሥራ ጀምረው ነበር። ያኔ ልብ አላልኳቸውም። ፌብሩዋሪ ላይ ቮልቮዬ አልነሳም ብላ ጋራዥ ስትገባ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳፈርኩት። ባዶ ወንበር አገኘሁ። ሞቅ ያለ ነው። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት ሹራብ ይሠሩ ነበር። መስኮቱን ጠርጌ ሳይ ሁልጊዜ መኪና ተደርድሮ ይቆምበት የነበረው ድልድይ ክፍት ሆኗል፤ አውቶቡሱም ሳይቆም አለፈ። ኬላዎቹን ከሚያልፉት አምስት መኪኖች አንዷ ያህል ቀርታ ነበር። ቀሪዎቹ አራቱ ያው እንደ በፊቱ ናቸው፣ ግን መንገድ ለመክፈት ያቺ አንዷ መቅረቷ በቂ ነው። መኪናዬ ከተሠራች በኋላም በሳምንት ሦስት ቀን አውቶቡሱን አልተውኩትም።

ሙከራው ጁላይ መጨረሻ ላይ ቆመ። ካሜራዎቹ በጠፉ ማግስት መኪናው ተመልሶ መጣ። ለካ የሚያሳምነው መጀመሩ ብቻ ሳይሆን መቆሙም ነው። ሴፕቴምበር 17 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገና የስቶክሆልም ከተማ በጠባብ ልዩነት «ይቀጥል» አለች። እኔም «ይቀጥል» አልኩ፣ ጃንዋሪ ላይ ያ ሁሉ የተንጨረጨርኩት ሰውዬ። የራሳቸውን ድምፅ ከሰጡት የዙሪያ ከተሞች አብዛኞቹ ግን «አይቀጥል» ብለው ነበር። እነሱንም አልፈርድባቸውም፤ ከሩቅ የሚመጣ ሰው እንደኔ በየሰዓቱ አውቶቡስ አያገኝም።

ቀጥሎ የመጣው ግን አበሳጨኝ። በዚያው ቀን በተደረገው ምርጫ መንግሥት ተቀየረ። አዲሱ መንግሥት ክፍያውን በኦገስት 2007 ቋሚ አድርጎ መለሰው፤ ገንዘቡን ግን ለመንገድ ግንባታ መደበው። እኔ ድምፄን የሰጠሁት ለአውቶቡስ ብዬ ነበር! በሙከራው ጊዜ ነፃ የነበሩት ታክሲዎችም መክፈል ጀመሩ፤ ታክሲ የሚነዱት ጓደኞቼ ስንት ተሳፋሪ እንደተጨቃጨቃቸው እነሱ ይናገሩ። የምድር ውስጥ ባቡሩን ወደ ዳርቻዎቹ፣ ወደ ናካና ወደ ባርካርቢ፣ ለማስረዘም ከዚህ ክፍያ ገንዘብ እንዲወጣ የተስማሙት በ2013 ነው። በ2016 ታሪፉ ሲጨምር ብዙ ያልጮህኩት ለዚህ ነው። ገንዘቤ የት እንደሚሄድ አውቀው ነበር።

ዮናስ ኤሊያሶን የሚባል የትራንስፖርት ተመራማሪ የሰውን አስተያየት ለዓመታት ተከታትሎታል። ከሙከራው በፊት አብዛኛው ሰው ተቃዋሚ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል ደጋፊ ሆኑ። የሚገርመው ደግሞ ብዙዎቹ ሐሳባቸውን መቀየራቸውን አያስታውሱም፤ ድሮም ደጋፊ እንደነበሩ ነው የሚያስቡት። የቡና ጓደኞቼን ስታይ እውነት ነው። እኔ ግን ያችን 12፡28 አልረሳትም።

የሌላዋ የስዊድን ከተማ፣ የጎተንበርጉ ደግሞ ሌላ ነው። እዚያ ክፍያው በ2013 ተጀመረ፣ በ2014 ሕዝቡ ተጠየቀ፣ 57 በመቶው «አይሆንም» አለ። ክፍያው ቀጠለ። ገንዘቡ ለባቡር ዋሻና ለሌሎች ግንባታዎች ቀድሞ ታስቦ ነበርና። ዋሻው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ግን መልሱን ካልተቀበልከው ሰውን ለምን ትጠይቀዋለህ?

ለእህቴ ይህንን ሁሉ አልነገርኳትም። ያልኳት ይኼን ነው፦ «አንቺ ከቆምሽበት ሰልፍ አጠገብ በየአሥር ደቂቃው የሚመጣ አውቶቡስ ሳይኖር የባለመኪናውን ኪስ ቢነኩበት እሱም መጥቶ ከኋላሽ ይሰለፋል፤ ሰልፉ ይረዝማል እንጂ አያጥርም።» በ2015 ቀላል ባቡሩ ሲጀምር፣ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከቃሊቲ ምኒልክ አደባባይ፣ ሰው እንዴት ተደስቶ እንደነበር አስታወሰችኝ። ከዚያ በኋላ ግን ስንቱ ባቡር በመለዋወጫ እጦት ቆመ። እንግዲህ ከመኪና የሚሰበሰብ ብር ካለ መጀመሪያ እዚያ ይግባ፣ የገባውም በየወሩ ይለጠፍ፤ ከዚያ በኋላ ለስድስት ወር ይሞከርና ሰው ይጠየቅ። ያ አጠገቧ የቆመው ሰውዬም ይጠየቅ።

«እሱስ አውቶቡስ ከመጣ እከፍላለሁ እያለ ነው» አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ የወያላ ድምፅ ተሰማኝ፣ «ጀሞ! ጀሞ!»። «ቆይ፣ መጣ መጣ!» ብላ ዘጋችው።