የእናቴን የሆድ ውሃ ቤት ውስጥ ስቀዳላት የተማርኩት

እናቴ የእንቁልጢ (የሴት እንቁላል የሚፈጠርበት አካል) ካንሰር ነበረባት። ሆዷ ውሃ ሲቋጥር ሁለት ማንኪያ ቀምሳ «ጠገብኩ» ማለት ጀመረች፤ ቀጥሎ ጎንበስ ማለት አቃታት፣ ከዚያ ትንፋሽ አጠራት።

ውሃውን የሚያደርቅ ክኒን ይታዘዝላታል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሐኪሟ እንዳስረዱኝ ከሆነ፣ ውሃው ወደ ጉበት የሚገባው ደም ሥር ግፊት ጨምሮ የመጣ ቢሆን እንደ ስፓይሮኖላክቶን ያለ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ሊረዳ ይችላል። የእሷ ግን ካንሰሩ በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ ተዘርቶ፣ ደም ሥሮቹ እንዲያፈሱ እያደረገና ትርፍ ፈሳሽ ከሆድ የሚወጣበትን የሊምፍ መስመር እየደፈነ የመጣ ነው። እዚህ ላይ ክኒኑ ብዙም አይሠራም። ጨው መከልከሉንም ተውነው፤ በስንት ልመና የምትበላን ሰው ምግብ አልጫ ማድረግ ምን ይሉታል!

በመርፌ ሲቀዳላት ወዲያው ቀለል አላት። ውሃው ግን ተመልሶ ይሞላል፣ ምልልሱም አደከማት። ስለዚህ ከቆዳዋ ሥር አልፎ ሆዷ ውስጥ የሚቆይ ቀጭን ቱቦ ተደረገላት፤ አቀዳዱንም ነርሷ አስተማረችኝ። እጄን በሳሙና እታጠባለሁ፣ ንጹሕ ጓንት አደርጋለሁ፣ የቱቦውን አፍ በአልኮል ጠርጌ ውሃው የሚገባበትን ጠርሙስ አገናኛለሁ። ሆዷን ሲቆርጣት ፍሰቱን አዘገያለሁ፤ ካልተሻላት አቆማለሁ። በአንድ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሊትር ነበር የተፈቀደልን።

መጀመሪያ ላይ የምመዘግበው የወጣውን መጠን ብቻ ነበር፤ ብዙ ሲወጣ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ሆዷ ገና እንደተነፋ «ይበቃኛል ልጄ፣ ተነፈስኩ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደብተሩ ላይ ምን ያህል እንደበላችና እንዴት እንዳደረች መጻፍ ጀመርኩ፤ የሚቀዳበትን ቀንም የምትቆርጠው እሷ ሆነች። ሆድ ጠፍጣፋ እስኪሆን መቅዳት ትርፉ ድካምና ማዞር ነው፤ ከውሃው ጋር ፕሮቲንም ይሄዳል።

ትኩሳት፣ የደፈረሰ ወይም የሚሸት ውሃ፣ አዲስ የሆድ ሕመም፣ በቱቦው ዙሪያ መቅላት ካየሁ ሳላድር እንድደውል ተነግሮኝ ነበር። ቁጥሩን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት።

በመጨረሻ አብዛኛውን ቀን መተኛት ስትጀምር ዘመድ ሁሉ «ለምን አይቀዳላትም?» ይለኝ ነበር። ካልከበዳት አንነካትም። ለትንፋሽ ማጠሩ ሐኪሟ በትንሽ መጠን ሞርፊን አዘዙላት፤ ያኔ ከጠርሙሱ ይልቅ የጠቀማት እሱ ነው።