ስስ የጌም ላፕቶፕ የምትገዙ፣ ስሙን ትታችሁ ዋቱን ጠይቁ

ከመግዛቴ በፊት ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። ሁለት ላፕቶፖች ላይ አንድ ዓይነት የግራፊክስ ካርድ (የጨዋታና የዲዛይን ምስል የሚሠራው ክፍል) ስም ተጽፎ አንዱ ከሌላው በእጅጉ የደከመ ሊሆን ይችላል። እኔ በዞርኩባቸው የአዲስ አበባ ሱቆች ይህን ልዩነት ሳይጠየቅ የሚናገር ሻጭ አላገኘሁም። ተጠይቆም የሚዋሽ አጋጥሞኛል።

የምፈልገውን አውቅ ነበር። ቀን የቤት ውስጥ ዲዛይን እሠራለሁ፣ የክፍሎቹን ምስል ብሌንደር በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም አወጣለሁ፤ ማታ እጫወታለሁ። ከአያት ሜክሲኮ በባቡር፣ አብዛኛውን ጊዜ ቆሜ ስለምመላለስ ከባድ ማሽን አይሆነኝም። ስለዚህ 14 ኢንች ስክሪን፣ ከ1.8 ኪሎ ያልበለጠ ክብደት፣ 8 ጊጋባይት የግራፊክስ ሚሞሪ ብዬ ወሰንኩ። በጀት ያዝኩ፣ ቦሌና መገናኛ ያሉትን ሱቆች ዞርኩ፣ ዋጋ አወዳደርኩ። እስከዚህ ድረስ ችግር አልነበረም።

ችግሩ ያለው ዋቱ ላይ፣ ማለትም ካርዱ በሚያገኘው የኤሌክትሪክ ኃይል ላይ ነው። አርቲኤክስ 4070 የሚባለው የኤንቪዲያ ኩባንያ የላፕቶፕ ካርድ በኩባንያው መመዘኛ መሠረት ከ35 እስከ 115 ዋት ባለው ክልል ውስጥ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ከፕሮሰሰሩ ድርሻ ተወስዶ እስከ 25 ዋት ሊጨመርለት ይችላል። ስንት ዋት እንደሚደርሰው የሚወስነው ላፕቶፑን የሚሠራው ኩባንያ ነው። አካሉ በሳሳ ቁጥር ሙቀት ማስወጣቱ ስለሚከብድ ዋቱን ይቀንሱታል። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ኃይላቸው የተቀነሰ ካርዶች «ማክስ ኪው» የሚል ቅጥያ ስለነበራቸው ገዢ ቢያንስ ይጠረጥር ነበር። በ2021 የ30 ተከታታይ ካርዶች ሲመጡ ቅጥያው ከካርዱ ስም ላይ ወጣ። ዛሬ ካርቶኑ ላይ የምታነቡት «4070» ስለ ጉልበቱ የሚነግራችሁ ጥቂት ነው። ከጠረጴዛ ኮምፒውተሩ 4070 ጋርም አንድ አይደለም፤ ያኛው 12 ጊጋባይት ሚሞሪ አለው፣ የላፕቶፑ 8 ብቻ።

ይህን አንብቤ ነው 4070 ያለውን ላፕቶፕ ልገዛ ወደ ሱቁ የገባሁት። ሻጩን «ስንት ዋት ነው?» አልኩት። «እህቴ፣ ሙሉ ኃይል ነው» አለኝ። ቁጥሩን ንገረኝ ብዬ ስጫነው ስልክ ደወለና «140» አለ። ከፍቼ ልሞክረው ስል ካርቶኑ ከተከፈተ አዲስ አይባልም ብሎ ከለከለኝ። ስለዚህ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ አልኩ። ማሽኑ የሚያትመው የዕቃውን ስም ብቻ ነው ብሎ አንገራገረ፤ አለቅህም ስለው በደረሰኙ ጀርባ በእጁ ጽፎ ማኅተም መታበት። ያን ማኅተም በማስመታቴ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ቤት ገብቼ የኤንቪዲያን መቆጣጠሪያ ፓነል ከፈትኩ። ከታች «የሲስተም መረጃ» የሚለው ቦታ ላይ ከፍተኛው የግራፊክስ ኃይል በቁጥር ተጽፏል፤ ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። 60 ዋት ይላል። ጨዋታ ከፈትኩ፤ መጀመሪያ በሴኮንድ 80 ፍሬም (ስክሪኑ ላይ የሚቀያየር ምስል) ይሰጥ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ካርዱ 87 ዲግሪ ደረሰና ራሱን ለማዳን ኃይሉን ቀነሰ፤ ፍሬሙ ወደ 50 ወረደ። የቁልፍ ሰሌዳው መካከል ጣት አያስቀምጥም ነበር።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተለጥፏል። ሻጩ «ይሠራል እኮ፣ ምን ጎደለው?» አለኝ። የጎደለው ቃል የተገባልኝ 80 ዋት ነው አልኩት። ባለቤቱ ዱባይ ናቸው፣ ሲመለሱ ነይ ተባልኩ። ቴክኒሻናቸው ዊንዶውስ እንደገና ይጫንበት አለ፤ ኩባንያው በፋብሪካ የገደበውን ዋት ዊንዶውስ እንደማይቀይረው እያወቀ። ያሰለቹኝ ሆን ብለው እንደሆነ አልጠራጠርም፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ ለማስቀየር ወይም ገንዘብ ለማስመለስ ለሸማቹ የሚሰጠው ጊዜ ከግዢው ዕለት ጀምሮ 15 ቀን ነው። ቀኑ እስኪያልቅ ነበር የሚጎትቱኝ። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት አዋጅ አይሽርም።

አቤቱታ ይዤ የሄድኩበት ጽሕፈት ቤትም የተሻለ አልነበረም። ሠራተኛው ላፕቶፑ መብራቱን አየና «ከበራ ጉድለት አይባልም» አለኝ። የተሸጠልኝና የደረሰኝ ዕቃ የተለያዩ መሆናቸውን ለማስረዳት ስሞክር የባለሙያ ማስረጃ አምጪ አለ፤ ባለሙያው ማን እንደሆነ ግን መናገር አልቻለም። ሸማቹን እንዲጠብቅ ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥርና ደረሰኙ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጎን ለጎን አይቶ ለማነጻጸር ፈቃደኛ አለመሆኑ አሁንም ያበግነኛል። በመጨረሻ ጉዳዩን የፈታው ማኅተሙ ነው። የሱቁ ባለቤት መጥተው የሻጫቸውን ጽሕፈት ሲያዩ ገንዘቤን መለሱ፤ «ለካርቶን መከፈት» ብለው ግን ቀንሰው ነው። የቀነሱትን አልተውኩላቸውም፤ ደብዳቤዬ አሁንም ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ውስጥ አለ።

ሁለተኛውን የገዛሁት ለግማሽ ሰዓት እንድሞክር ከፈቀደልኝ ሱቅ ነው። ካርዱ 4060 ነው፤ በስም ዝቅ ያለ፣ ግን 100 ዋት የሚያገኝ። ከዚያ 60 ዋት ከሚያገኘው 4070 ይልቅ በእኔ ጨዋታዎችም በብሌንደርም ይፈጥናል፣ ዋጋውም ያንሳል። በእነዚህ ሁለት ካርዶች ላይ ከ100 ዋት በላይ የሚገኘው ጭማሪ ትንሽ ስለሆነ ለ140 ብላችሁ ወፍራም ማሽን አትሸከሙ። ከ80 በታች ከሆነ ግን 4070 ለሚለው ስም ገንዘብ አታውጡ።

ስትሞክሩ የመጀመሪያዎቹን አምስት ደቂቃዎች አትመኑ። ብረቱ ገና ስላልሞቀ ማንኛውም ላፕቶፕ ያን ጊዜ ጎበዝ ነው። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ያለውን ፍሬምና ዋት እዩ። በተለይ አዲስ አበባ ለሚኖር ይህ ግዴታ ነው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ማራገቢያው ያንኑ ያህል ቢሽከረከርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያነሰ ነው። የክፍላችን ቅዝቃዜ በከፊል ይክሰናል እንጂ በዝቅተኛ ቦታ ያሉ ገምጋሚዎች ያገኙትን ውጤት እንዳለ መውሰድ አይቻልም።

አምራቾች ለጨዋታ «ቱርቦ» የሚለውን አሠራር ምረጡ ይላሉ። እኔ አልስማማም። በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ዝቅ አድርጉት፤ ተጨማሪ ፍጥነቱ ይጠፋል፣ ሙቀቱ በጉልህ ይወርዳል፣ የአብዛኞቹ ጨዋታዎች ፍሬም ግን ብዙም አይነካም። ፍሬሙንም 60 ላይ ገድቡት። ባለ ማራገቢያ ማስቀመጫ ከመግዛት የላፕቶፑን ኋላ በሁለት ጣት ቁመት ከፍ ማድረግ ይበቃል። የዋስትና ወረቀቱ አትክፈቱት ይላል፤ ግንባታ በማያቋርጥበት ከተማ አቧራው ማራገቢያውን ይደፍነዋልና እኔ እየከፈትኩ በለስላሳ ብሩሽ አጸዳለሁ፣ ክንፎቹ እንዳይሽከረከሩ በጣቴ ይዤ።

ክብደቱን ስታሰሉ ቻርጀሩን አትርሱ፤ ከማሽኑ ጋር የሚመጣው ግማሽ ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። በዩኤስቢ ሲ የሚሞላ ምረጡና ለሥራ 100 ዋት የሆነች ትንሽ ቻርጀር ያዙ፤ ትልቁ ቤት ይቀመጥ። በባትሪ ብቻ መጫወት እንደማይሆን ግን እወቁት፤ ካርዱ ከባትሪ የሚያገኘው ኃይል በጣም ስለሚያንስ መብራት ሲጠፋ ጨዋታውም ይንቀራፈፋል። ራሙንም (የማሽኑን የሥራ ሚሞሪ) ጠይቁ። በብዙ ስስ ማሽኖች ላይ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ ኋላ መጨመር አይቻልም፤ እንደ እኔ ዲዛይን የምትሠሩ ከሆነ ከመጀመሪያው 32 ጊጋባይት ያለውን ውሰዱ።