አክስሉን ለመበየድ አትቸኩሉ፦ ለትንሽ የሞተር ጀልባ ተሳቢ ማስተካከል

ደሴም ኮምቦልቻም ተሳቢ የሚበይድ ባለሙያ ሞልቷል። የለመደው ግን የጆንያና የብሎኬት ተሳቢ ነው፦ ወለሉ ጠፍጣፋ፣ አክስሉ መሀል ላይ የተበየደ። ጆንያ የከበደበትን ቦታ ቀይሮ መደርደር ይቻላል። ጀልባ ላይ ይህ አይሠራም፤ ሞተሩም፣ ባትሪውም፣ ነዳጁም ኋላዋ ላይ ተከማችተዋል። ስለዚህ ወደ ብየዳ ቤት ስትሄዱ የመጀመሪያው ቃላችሁ "አክስሉን አትበይደው፣ በቡሎን እሰረው" ይሁን። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው፦ መጀመሪያ ጀልባዋ የምትተኛበት ሳንቃ፣ ቀጥሎ የዊንቹ (ጀልባዋን በገመድ የሚስበው መጠቅለያ) ምሰሶ፣ አክስሉ መጨረሻ። ከአክስሉ የጀመረ ሰው ኋላ ላይ ጀልባዋን ወዲያና ወዲህ እየገፋ ሚዛን ሊፈልግ ይገደዳል፤ ያኔ ሳንቃው ከጀልባዋ ወለል ጋር ይተላለፋል።

ለምሳሌ 4 ሜትር ተኩል የምትረዝም የአሉሚኒየም ጀልባ እንውሰድ። ባዶዋን 180 ኪሎ፣ 25 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 55፣ 25 ሊትር ቤንዚን ከነጀሪካኑ 22፣ ባትሪ 18፣ መልሕቅ፣ ገመድና የሕይወት አድን ጃኬቶች 35። ድምሩ 310 ኪሎ ነው። ተሳቢው ራሱ 150 ቢመዝን ሁሉም 460 ይሆናል። በዚህ ቁጥር እንቀጥል፤ የእናንተን ግን መዝኑ እንጂ አትገምቱ። የእህል ነጋዴ ሚዛን ለሞተሩም ለባትሪውም ይበቃል።

ሳንቃው ሁለት ይሁን፣ ውፍረቱ 5 በ10 ሳንቲም፣ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40 አካባቢ። ጽድ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ቡሎኑንም ይዞት ይዞራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በመዳብ ጨው የታከመ አረንጓዴ ቀለም ያለው እንጨት ርካሽ ቢገኝም ለአሉሚኒየም ጀልባ አይሆንም። ውሃ ሲነካው መዳቡ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ከጊዜ በኋላ ወለሉ ላይ ነጭ ዱቄትና ትናንሽ ጉድጓድ ታያላችሁ።

የሳንቃው ጫፍ ሞተሩ የሚሰቀልበት የኋላ ግድግዳ ድረስ መድረስ አለበት፤ 2 ወይም 3 ሳንቲም ቢያልፈው ይመረጣል። 10 ሳንቲም ቢያጥር 55 ኪሎው ሞተር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ይጓዛል። መንገዱ በነጠረ ቁጥር የጀልባዋ ወለል እዚያ ጋ ቀስ እያለ ወደ ታች ይታጠፋል። ውሃ ላይ ስትወጣ አፍንጫዋን ወደ ታች ትደፋለች፣ ፍጥነት እምቢ ትላለች፤ ባለቤቱ ደግሞ ሞተሩን ይጠረጥራል። ከደሴ በታች ያለው የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ሳስቶ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል። በዚያ ላይ የተጣመመ ወለል ሲጨመር ጀልባዋ ጨርሶ አትነሳም።

ሳንቃው ከጀልባዋ ወለል ጋር በትክክል መግጠሙን ማወቂያው ቀላል ነው። የከሰል ዱቄት በጥቂት ውሃ አቅጥናችሁ ሳንቃው ላይ ቀቡ፣ ጀልባዋን ቀስ ብላችሁ አስተኙ፣ መልሳችሁ አንሱ። ጥቁሩ ከዳር እስከ ዳር ወለሉ ላይ ከታተመ ጨርሳችኋል። ሁለት ሦስት ቦታ ብቻ ነጠብጣብ ከሆነ ክብደቱን ሁሉ የተሸከሙት እነዚያ ነጥቦች ናቸው፤ የሳንቃውን መደገፊያ አንግል ብረት ዘንበል አድርጋችሁ ድገሙት። ሳንቃው ከጀልባዋ ውስጣዊ የርዝመት ማጠናከሪያዎች በታች እንዲውልም አድርጉ፤ በሁለት ማጠናከሪያ መሀል ያለ ስስ ላሜራ ይሰረጉዳል። ሲያልቅ ሞኬት አልብሱት፣ ምስማሩን ግን ከጎን እንጂ ከላይ አትምቱ።

የዊንቹ ምሰሶ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ጀልባዋ ሳንቃው ላይ ትክክለኛ ቦታዋን ስትይዝ አፍንጫዋ ጎማ ያለው መደገፊያ ላይ እንዲገጥም ምሰሶውን አምጥታችሁ እሰሩ። የዊንቹ ገመድ ጀልባዋን ወደፊት የሚስብ እንጂ ወደ ታች የሚያስር አይደለም፤ ከኋላ ግራና ቀኝ በሁለት ቀበቶ ለብቻ ትታሰራለች።

አሁን አክስሉ። ተሳቢው የሚንጠለጠልበት፣ መኪናው ኋላ ላይ ያለው ኳስ ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ7 እስከ 10 በመቶ ይሁን፤ በእኛ ምሳሌ ከ32 እስከ 46 ኪሎ ማለት ነው። ካነሰ ተሳቢው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት ሲወርድ ጅራቱን መወዝወዝ ይጀምራል፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ይብስበታል። ከበዛ የመኪናው ኋላ ይሰምጥና መሪው ይቀላል። ለመመዘን ሜዳ ቦታ ላይ ጀልባዋን ከነሙሉ ዕቃዋ ጭናችሁ የተሳቢውን ምላስ (ከመኪናው ጋር የሚገጥመውን የፊት ዘንግ) በኳሱ ከፍታ ልክ በእንጨት ደግፉ፣ ከእንጨቱ ሥር የቤት ሚዛን አድርጉ። ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ፤ ይሄን የረሳ ሰው ሚዛኑንም እግሩንም ይሰብራል።

ሚዛኑ 20 ኪሎ አነበበ እንበል፣ ከአክስሉ እስከ ኳሱ ደግሞ 3 ሜትር ተኩል ነው። አክስሉን ከነባሌስትራው 15 ሳንቲም ወደ ኋላ ብትወስዱት ንባቡ ወደ 36 ይወጣል፤ በየ5 ሳንቲሙ 5 ኪሎ አካባቢ ይጨምራል። አክስሉ የተበየደ ቢሆን ኖሮ የሚቀራችሁ ጀልባዋን ወደፊት መግፋት ነበር፤ 10 ሳንቲም ስትገፏት 9 ኪሎ ትሰጣችኋለች፣ ግን ኋላዋ ከሳንቃው ይወጣል። ወደ መጀመሪያው በሽታ ተመለሳችሁ። አክስሉን ስታንቀሳቅሱ ከኳሱ መሀል እስከ ግራና ቀኝ ጎማ ያለውን ርቀት በሜትር ለኩ፤ ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ካለፈ ተሳቢው በጎን ይሄዳል፣ ጎማም ይበላል።

የዝናብ ውሃም ክብደት መሆኑን አትርሱ። ክረምት ላይ ክፍት የቆመች ጀልባ 100 ሊትር ብታጠራቅም 100 ኪሎ ነው፤ ወደ ኋላ ሲፈስ የለካችሁትን ሁሉ ያፈርሰዋል። በጉዞ ላይ የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳውን የሚደፍነው የኋላው ቡሽ ተነቅሎ ይሂድ። ቡሹን ከመኪናው ቁልፍ ጋር እሰሩት፤ ያለ ቡሽ ውሃ ላይ የወጣች ጀልባ ቶሎ ውሃ ትሞላለች።

ኳሱና ኳሱን የሚይዘው የምላሱ ማቀፊያ ላይ መጠናቸው ተቀርጿል፤ አንዱ 50 ሚሊ፣ ሌላው 2 ኢንች ከሆነ በዓይን አይለዩም፣ ግን በደንብ አይገጥሙም። ከቆለፋችሁ በኋላ ምላሱን በክሪክ ወደ ላይ ግፉት፦ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል። ሁለቱ ሰንሰለቶች ከምላሱ በታች ይጠላለፉ፤ ማቀፊያው ቢወልቅ ምላሱ አስፋልት ሳይነካ እነሱ ላይ ያርፋል። ሞተሩን በራሱ መንጠቆ ብቻ አንስታችሁ አትጓዙ፤ በሞተሩ እግርና በተሳቢው መሀል የእንጨት ድጋፍ ይግባ። የሞተሩ ጫፍ ከመሬት ቢያንስ 30 ሳንቲም ይራቅ፤ ወደ አርዲቦ ሐይቅ ለምትወጡ ደግሞ 40።

ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚዞርበት ማለት ነው። ጀልባ የሚጎትት ሰው መንገድ ላይ የሚቆመው ከሌላው ሁሉ ይልቅ በዚህ ነው። ከደሴ ወደ ሐይቅ ስትወርዱ የጎማው ቋት ይሞቃል። ትኩሱን ይዛችሁ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ስትከቱት ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በፓራኦሊዮው (ግራሶው እንዳይፈስ በሚዘጋው የጎማ ቀለበት) በኩል ይስባል። ግራሶው እንደ ወተት ይነጣል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ በሌላ ቀን ጎማው ይነቀላል። መፍትሔው 20 ደቂቃ መቆም ነው፤ ሻይ ይጠጣበት። ቋቱን በእጃችሁ ንኩት፣ ከተቃጠላችሁ ግን ችግሩ ውሃው ሳይሆን ኩሽኔታውን የሚይዘው የአክስሉ ጫፍ ዳዶ መጥበቁ ነው። ሲታሰር ጎማውን እያዞራችሁ እስኪከብድ አጥብቁ፣ ሩብ ዙር መልሱት፣ ዳዶው እንዳይፈታ ኮፒሊያውን (የመቆለፊያ ሽቦውን) አግቡ። ውሃ የሚቋቋም ግራሶ ተጠቀሙ፤ ፓራኦሊዮው ርካሽ ነውና በከፈታችሁት ቁጥር ቀይሩት።

ውሃ ዳር ስትደርሱ የመብራቱን ሶኬት ንቀሉ፤ የጋለ አምፖል ውሃ ሲነካው ይፈነዳል። ዳርቻው ጭቃ ከሆነ መኪናውን ደረቅ ላይ አቁሙ፤ ተሳቢውን ከመኪናው ፈትታችሁ፣ ፊቱ ላይ ትንሽ ጎማ ካለው፣ በ10 ሜትር ገመድ ቀስ ብሎ ይግባ። ከተሳቢው ኋላ ግን ማንም አይቁም።

የጎማ ዳዶዎችን፣ ቡሎናቸው 12 ሚሊ ከሆነ፣ ግራሶ ሳትቀቡ ከ90 እስከ 110 ኒውተን ሜትር አጥብቁ፣ ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ ድገሙት፤ አክስሉን ከባሌስትራው የሚያስሩትን ዩ ቦልቶችም አብራችሁ። ጀልባዋ ጣና ደርሳ ከመጣች ሞኬቱንና የሳንቃውን ሥር በደንብ ሳትፈትሹ ሐይቅ ውስጥ እንዳትከቷት፤ ከእምቦጭ የተቆረጠች አንዲት ቅንጣቢ እዚያ ተሸጉጣ ትመጣለች።