የኮሮላዬ ካታሊስት፦ ከፍተሻ እስከ ብየዳ

ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ኮሮላ ነድቶ የማያውቅ ሐበሻ ማግኘት ይከብዳል። የኔም ኮሮላ ናት፤ ግን ትንሽ ለየት ትላለች። የ2006 ሞዴል ኤክስአርኤስ ናት። ሞተሯ ቶዮታ ከያማሃ ጋር ሆኖ የሠራው 1.8 ሊትር ሲሆን ካምቢዮዋ ባለ ስድስት ማርሽ ማኑዋል ነው። ይኸው ሞተር ሎተስ ኢሊስ ላይም ተገጥሟል። በደቂቃ ከ6,000 ዙር በላይ ስትወጣ የቫልቮቹ አከፋፈት ይቀየርና ድምፅዋ ሌላ መኪና ይሆናል። ከውጭ ላያት ሰው ግን የማንም ኮሮላ ናት። የምወድላትም ይህንኑ ነው።

አሁን የማካፍላችሁ ካታሊስቷን (የጭስ ማጽጃዋን) አውጥቼ ጭስ በቀላሉ በሚያሳልፈው፣ «ሃይ ፍሎው» በሚባለው ዓይነት የተካሁበትን ሥራ ነው። ጉዳዩ የጀመረው በቼክ ኢንጅን መብራት ነው። ኮዱ ፒ0420 ነበር።

ይህን ኮድ ያየ ሰው ሁሉ ወዲያው ካታሊስት ለመግዛት ይሮጣል። አትሩጡ። ኮዱ የሚለው ካታሊስቱ ከሚጠበቀው በታች እየሠራ ነው ብቻ ነው። ከካታሊስቱ በፊት ያለ ትንሽ የጭስ መውጫ ስንጥቅ አየር ስቦ የኦክስጅን ሴንሰሩን ሊያሳስተው ይችላል፤ ከካታሊስቱ ፊትና ኋላ አንድ አንድ አለ። የኋላው ሴንሰር ራሱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። አንዱ ካንዴላ በደንብ ሳያቀጣጥል ቀርቶም ሊሆን ይችላል። እኔ መጀመሪያ በማርሚታው ጫፍ በኩል አየር ነፋሁና መገጣጠሚያዎቹ ላይ የሳሙና ውሃ ረጨሁ። አረፋ የሠራ ቦታ አልነበረም።

ቀጥሎ ያየሁት የሴንሰሮቹን የቀጥታ ንባብ ነው። ለዚህ ውድ ስካነር አያስፈልግም፤ ከስልክ ጋር የሚገናኘው ርካሹ ይበቃል። ነገሩ እዚህ ጋ ስለሚጣፍጥ ትንሽ ልቆይበት።

ካታሊስት ውስጡ እንደ ማር እንጀራ የተበሳሳ ሴራሚክ ወይም ቀጭን ላሜራ ነው። በላዩ ላይ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮድየም በጣም በትንሹ ተቀብተዋል። ሥራው ሦስት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ከኦክስጅን ጋር አዋህዶ ያቃጥላል። የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን ደግሞ ኦክስጅናቸውን ቀምቶ ወደ ተራ ናይትሮጅን ይመልሳል። አንዱ ሥራ ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ሌላው ኦክስጅን ያወጣል። ሁለቱም አብረው እንዲሄዱ ሞተሩ 14.7 እጅ አየር ለአንድ እጅ ቤንዚን ሰጥቶ መሥራት አለበት። ኮምፒውተሩ ግን በዚህ ቁጥር ላይ ተተክሎ አይቆምም። ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል።

ይህን ውዝዋዜ የሚያስታግሰው ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባለው ቅብ ነው። እንደ ጎተራ ቁጠሩት። ኦክስጅን ሲተርፍ ያስገባል፤ ሲያጥር ያወጣል። ጎተራው ትልቅና ጤነኛ ከሆነ የኋላው ሴንሰር ውዝዋዜውን አያየውም፤ 0.6 እና 0.7 ቮልት አካባቢ ረግቶ ይቀመጣል። ጎተራው ካለቀ የኋላው ሴንሰር ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ይዘላል። ኮምፒውተሩ የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ የለውም። የሚመዝነው ይህንን ጎተራ ነው፤ ፒ0420 የሚመጣውም ከዚሁ ነው።

የኔ የኋላ ሴንሰር ይዘል ነበር። በአውራ ጎዳና ላይ በአንድ ፍጥነት ረግቼ እየነዳሁም አላረፈም። ሴንሰሩን በአዲስ ብቀይረውም ያው። መደምደሚያው ግልጽ ሆነ።

መዘጋቱንም አየሁ። የፊት ሴንሰሩን ፈትታችሁ በቦታው የግፊት መለኪያ ትገጥማላችሁ። ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ ከ1.25 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ባይበልጥ ይመረጣል፤ በ2,500 ዙር ደግሞ ከ3 ማለፍ የለበትም። የኔ አለፈ። መኪናዋ ከላይኛው ዙር ላይ የምትታነቀው ለዚህ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል። «ሃይ ፍሎው አስገብቼ መኪናዬ በረረች» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያወዳድሩት ከተዘጋ ካታሊስት ጋር ነው። የተዘጋውን አውጥታችሁ ተራውን የፋብሪካ ካታሊስት ብታስገቡም ትበራለች። ቱርቦ በሌለው ትንሽ ሞተር ላይ ከጤነኛ የፋብሪካ ካታሊስት ወደ ሃይ ፍሎው ስትሄዱ የምታገኙት ጉልበት በመቀመጫችሁ የሚሰማ አይደለም።

ታዲያ ለምን ሃይ ፍሎው? ሐቀኛ ልሁንና፣ ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር የሚሠራ ስለሆነ ጓጓሁ። ግን ምን ዓይነት ሃይ ፍሎው የሚለው ነው ዋናው። ገበያው ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የቀዳዳዎቹን ቁጥር መቀነስ ነው። የፋብሪካ ካታሊስት ብዙውን ጊዜ በአንድ ስኩዌር ኢንች 400 ወይም 600 ቀዳዳ አለው። የውድድር የሚባሉት ወደ 200፣ አንዳንዶቹም ወደ 100 ይወርዳሉ። ቀዳዳ ሲያንስ ግድግዳ ያንሳል፤ ግድግዳ ሲያንስ ቅቡ ያንሳል፤ ጎተራውም ያንሳል። ለዚህ ነው 200 ቀዳዳ ያለው ርካሽ ካታሊስት የገጠመ ሰው ትንሽ ቆይቶ ያው ፒ0420 ተመልሶ የሚመጣበት። ከዚያ ሴንሰሩን በቱቦ ቅጥያ ወደ ኋላ ማራቅ ይጀምራል። ይህ ኮምፒውተሩን መዋሸት ነው፤ ጭሱ አልጸዳም።

ሁለተኛው መንገድ ፊቱን ማስፋት ነው። ቀዳዳው 400 ይሁን፤ ግን ክቡ ሰፋ ይበል። ጭሱ በሰፊ ፊት ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ቅቡ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨምሯል። በቀጭን ላሜራ የተሠሩትም ጥሩ ናቸው። ተራ 400 ቀዳዳ ያለው ሴራሚክ ከፊቱ ሩብ ያህሉ በግድግዳ የተያዘ ነው። ላሜራው 0.05 ሚሊሜትር ስለሆነ ግን ወደ 90 በመቶ ክፍት ይሆናል። ዋጋው ግን ኪስ ያቃጥላል። እኔ የመረጥኩት ሰፋ ያለ ፊት ያለውን ባለ 400 ሴራሚክ ነው።

ምርጫውን ያጠበበው ሌላው ነገር ሕግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ካታሊስት ማውጣት ወይም ባዶ ማድረግ ለጋራዦች ከ1977 ጀምሮ የተከለከለ ነው። በ1990 በወጣው ማሻሻያ ደግሞ ክልከላው በገዛ መኪናው ላይ ለሚሠራ ሰውም ሆነ። መተካት ግን ይቻላል። የተተኪው አምራች ለእናንተ ሞዴል፣ ዓመትና ሞተር የሚሆን መሆኑን በዝርዝሩ ላይ ማስፈር አለበት። «ለውድድር ብቻ» የሚል ከተጻፈበት ለመንገድ አይሆንም፤ በቃ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደግሞ አካሉ ላይ የተቀረጸ የግዛቷ የፈቃድ ቁጥር ያስፈልጋችኋል።

መኪናችሁ አዲስ ከሆነ ደግሞ ከሁሉ በፊት ዋስትናውን እዩ። በፌዴራል ሕግ ካታሊስትና የሞተር ኮምፒውተር ለ8 ዓመት ወይም ለ80,000 ማይል ዋስትና አላቸው። ብዙ የኛ ሰው ይህን ሳያውቅ በነፃ የሚቀየርለትን ከኪሱ ይከፍላል።

አዲስ አበባ ያለ የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። «እኛ ጋ እኮ ሆዱን ባዶ አድርገው ይመልሱልሃል፣ መኪናው ይተነፍሳል» አለኝ። አውቃለሁ። የተዘጋ ካታሊስት ይዞ ተተኪ በዋጋም በገበያም ያጣ ሰው የሚያደርገው ነው። ግን ያ ጭስ የሚሄደው ታክሲ ተራ ለቆመው ሰው አፍንጫ ነው። አልተስማማንም።

ወደ ሥራው። እዚህ አገር ክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ከመኪና ሥር ያለ ቡሎን ሁሉ ዝገት ነው። ከቀናት በፊት ጀምሬ የዝገት ማላቀቂያ እረጭበት ነበር። ሴንሰሮቹን ሞተሩ ሞቅ እያለ ፈታሁ፤ ሲሞቅ ይላቀቃሉ። ጎኑ ለሽቦው የተሰነጠቀ 22 ቁጥር ቁልፍ ያስፈልጋል። በተራ ቁልፍ ከታገላችሁ ጠርዙ ይበላል። በክሪክ ብቻ ሥሩ አትግቡ፤ መደገፊያ አድርጉ።

ብየዳውን የሠሩልኝ በወጣትነታቸው ሶማሌ ተራ የሠሩ አንድ አባት ናቸው። እዚህ ጡረታ ቢወጡም ጋራዣቸው ውስጥ ያለው የአርጎን ብየዳ ማሽን ጡረታ አልወጣም። ቱቦውን ለመቁረጥ ስዘጋጅ እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ለካ። ከፍላንጁ፣ ከቱቦው መገጣጠሚያ፣ እስከ ካታሊስቱ አፍ ያለውን ጻፍ።»

«ትንሽ ወደ ኋላ ቢሄድስ ጋሼ? ቦታው እዚያ ጋ ይሰፋል።»

«ወደ ኋላ ከሄደ መቼ ይሞቃል?»

ልክ ናቸው። ካታሊስት ሥራ የሚጀምረው ከ250 እስከ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ነው። ከሞተሩ በራቀ ቁጥር ይዘገያል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ የሚወጣው ጭስ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው። ሕጉም አዲሱ ካታሊስት በአሮጌው ቦታ እንዲቀመጥ ነው የሚያዘው።

አሠራራቸው ይህን ይመስል ነበር። ባትሪው ተለያየ። ቱቦው መኪናው ላይ እንዳለ አቅጣጫውን እንዲይዝ ነጥብ ነጥብ ተበየደ። የማሽኑ መሬት መቆንጠጫ ከብየዳው አጠገብ ቱቦው ላይ ተያዘ፤ ኤሌክትሪኩ በጎማ ኩሽኔታ በኩል እንዳይዞር ነው። ከዚያ ቱቦው ወርዶ ጠረጴዛ ላይ ተጠናቀቀ። የካታሊስቱ አካል አይዝጌ ብረት ነው፤ የኔ ፍላንጅ ተራ ብረት። ሁለቱን ለማገናኘት 309 የሚባለውን የብየዳ ሽቦ ተጠቀሙ። ከውስጥ በኩልም አርጎን ስለለቀቁ የብየዳው ጀርባ አልተቃጠለም። ስንጨርስ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቡና ተፈላ።

ሲመለስ የድሮውን ክብ ጓርኒሲዮን አልተጠቀምኩም። ሞላ ያላቸው ቡሎኖችም አዲስ ናቸው። የሴንሰሩ ጥርስ ላይ ማጣበቅ የሚከላከለውን ቅባት በትንሹ ቀባሁ፤ ጫፉን ግን ከነካው ሴንሰሩ ይበላሻል። ሲሊኮን ማሸጊያም እዚያ አካባቢ አታስጠጉ።

አዲስ ሴራሚክ ካታሊስት ሲነሳ ትንሽ ያጨሳል፣ ይሸታል። አትደንግጡ። ሴራሚኩን ከላሜራው ጋር የያዘው ምንጣፍ ሲሞቅ አብጦ ቦታውን የሚይዘው በዚያን ጊዜ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ነዳጅ ሳትረግጡ በዝግታ እንዲሞቅ ተዉት፤ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ።

ባትሪው ስለተለያየ የኮምፒውተሩ የራስ ፍተሻዎች ሁሉ ጠፍተዋል። በዚህ ሁኔታ ወደ ጭስ ምርመራ ብትሄዱ ይመልሷችኋል፤ ከ1996 ወዲህ የተሠሩ መኪኖችን የሚመረምሩት በኮምፒውተሩ መሰኪያ በኩል ነው። በካታሊስት ኮድ የወደቀ መኪና ደግሞ የካታሊስቱ ፍተሻ ተጠናቆ መታየት አለበት። ይህ ፍተሻ የሚያልፈው ሞተሩ ከቀዝቃዛ ተነስቶ፣ ከዚያ በሰዓት ከ40 እስከ 55 ማይል ረጋ ብሎ ሲነዳ ነው። ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቤልትዌይ ላይ በሥራ መግቢያ ሰዓት ይህን ማድረግ ሕልም ነው። እሑድ በማለዳ ወጥቼ ጨረስኩት። አለፈች።

አሁን ያለሁበት ይህ ነው። የኋላው ሴንሰር 0.65 ቮልት አካባቢ ተቀምጧል። ግፊቱ በ2,500 ዙር ከ1 ፒኤስአይ በታች ነው። ድምፁ ትንሽ ወፈር ብሏል፤ ጎረቤት የሚያስነሳ ግን አይደለም። የሙቀት መከላከያ ላሜራው በ3,000 ዙር ላይ ይንቀጫቀጫል፤ መያዣውን መቀየር አለብኝ።

ያልተፈታው ዋናው ነገር ዘይት ነው። ሞተሯ ዘይት ትጠጣለች፤ የመጀመሪያውን ካታሊስት የገደለውም ይኸው ይመስለኛል። የሞተር ዘይት ውስጥ ያሉት ፎስፈረስና ዚንክ ሲቃጠሉ ቅቡን ይሸፍኑታል፤ ያን የሚያጥብ የነዳጅ ጨማሪ የለም። የሞተሩን የውስጥ ጋዝ ወደ አየር ማስገቢያው የሚመልሰውን ፒሲቪ ቫልቭ ቀይሬያለሁ፤ አልበቃም። ቀጣዩ ዘይት በቫልቮቹ በኩል እንዳይወርድ የሚከለክሉት የቫልቭ ጎሚኒዎች ናቸው። ቴስታታውን ሳላወርድ፣ በካንዴላው ቀዳዳ አየር እየሞላሁ ቫልቮቹን ደግፌ ልቀይራቸው አስቤያለሁ። በዚህ ሞተር ላይ በዚያ መንገድ የሠራችሁ ካላችሁ የሞላ መጫኛውን የት እንዳገኛችሁ ጻፉልኝ።